ዕድሜ ከጤና ጋር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን እርጅናን ለማዘግየት ስለሚደረገው ምርምር አንድ ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው ሳይሞት ቢኖር ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ስድስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እርጅናን የሚያስቆም መድኃኒት ቢገኝ ሰው ከነጭራሹ አይሞትም ማለት ነው? ማቱሳላ 969 ዓመት ኖሯል፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ገድል 562 ዓመት ይላል። ሳይንሱስ ስንት ይላል? (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ የቅዱሳኑን ዕድሜ ለሃይማኖት አባቶች እንተወው። እኛ መናገር የምንችለው በልደት መዝገብ ስለተረጋገጠው ነው።

እርጅና ቢቆምም ሰው ይሞታል። መኪና፣ ጎርፍ፣ ወባ፣ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደም ወጣት ሽማግሌ አይሉም። ሁልጊዜ የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ የሚኖር ሰው አለ እንበል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በአደጋ ወይም በድንገተኛ ሕመም የመሞት ዕድሉም ከ1,000 አንድ ይሁን። እንደዚህ ያሉ 1,000 ሰዎች ዛሬ ቢጀምሩ ከ693 ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት 500ው ናቸው። አደጋውን በግማሽ ቀንሰን ከ2,000 አንድ ብናደርሰው ግማሾቹ የሚያልቁት በ1,386 ዓመት ይሆናል። ቁጥሩ ይረዝማል እንጂ «ዘላለም» የሚባል ውጤት ከዚህ ስሌት አይወጣም። የማያረጅ ሰው ዕድሜ የሚወሰነው በመንገዱ፣ በመኪናው ፍሬንና በንጹሕ ውኃ ነው። መንገድ ማቋረጥም ለእሱ ከእኛ ይልቅ ያስፈራዋል፤ የሚያጣው 30 ወይም 40 ዓመት ሳይሆን 700 ነውና።

አሁን ያለው እውነታ ግን ከዚህ የራቀ ነው። እንግሊዛዊው የሕይወት መድን ስሌት አዋቂ ቤንጃሚን ጎምፐርዝ እ.ኤ.አ. በ1825 እንዳሳየው፣ ለአቅመ አዳም ከደረስን በኋላ የመሞት ዕድላችን በእኩል የጊዜ ርቀት እጥፍ እየሆነ ይሄዳል፤ ርቀቱ በዛሬ መረጃ 8 ዓመት ገደማ ነው። ከ30 ዓመት እስከ 110 ዓመት 10 ጊዜ ይታጠፋል፤ ያ 1,024 እጥፍ ነው። 110 የደፈነ ሰው የሚቀጥለውን ልደቱን የማየት ዕድሉ እኩሌታ ነው። በመዝገብ ከተረጋገጡት ሁሉ የሚበልጠው ዕድሜ የፈረንሳዊቷ የዣን ካልማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ያረፉት በ122 ዓመት ከ164 ቀናቸው ነው። እስከ ዛሬ የበለጣቸው የለም።

ይህ እጥፍ አንድ የሚያሳዝን ውጤት አለው። ካንሰር ነገ ከዓለም ቢጠፋ እንደ አሜሪካ ባለ አገር አማካይ ዕድሜ የሚጨምረው 3 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከካንሰር ያመለጠውን ሰው በዚያው ዕድሜ ልብ፣ ስትሮክ ወይም ሳንባ ይጠብቀዋል። አንዱን በሽታ ብቻ ማሸነፍ በቂ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተመራማሪዎቹ እርጅናን ራሱን ከሥሩ ለመያዝ የተነሡትም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ በእውነት የማያረጅ እንስሳ አለ? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ አለ ለማለት የሚያስደፍረው አንዱ በገዛ አገርሽ ቆላ ይገኛል። ፀጉር አልባው ፍልፈል በኢትዮጵያ ምሥራቅና ደቡብ ቆላማ ቦታዎች፣ በሶማሊያና በኬንያ ከመሬት በታች ይኖራል። ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1842፣ ከሸዋ በተገኘ ናሙና። ክብደቱ 35 ግራም ገደማ ነው። በመጠን የሚቀራረበው የቤት አይጥ በ2 ወይም በ3 ዓመት ያረጃል፤ ይህኛው ግን ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከ3,000 በላይ ፍልፈሎችን መዝገብ መርምሮ፣ ከላይ ያየነው የጎምፐርዝ እጥፍ በእነሱ ላይ እንደማይታይ አገኘ። የ20 ዓመቱ ፍልፈል የመሞት ዕድል ከ2 ዓመቱ አይበልጥም። ካንሰርም እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚገኝበት። እንደዚያም ሆኖ ይሞታል፤ እባብ ይበላዋል፣ እርስ በርሱም ተናክሶ ይገዳደላል። ለመምህሩ ያልነው ነገር እዚህም አለ።

«የማትሞተው» የምትባለው ትንሿ የባሕር ጄሊፊሽ ቱሪቶፕሲስ ዶርኒ ደግሞ ሌላ መንገድ አላት። ስትጎዳ ወይም ስትራብ አካሏን አፍርሳ ወደ ልጅነት ቅርጿ ትመለስና እንደገና ታድጋለች። ነገር ግን አንጎል የላትም፤ የምታስታውሰው፣ ሲፈርስ የሚጠፋባት ነገር የለም። ሰው አንጎሉ ፈርሶ እንደ አዲስ ቢሠራ ያው ሰው ነው ማለት እንችላለን? በእኛ አስተያየት አንችልም። ስለዚህ ተስፋ የሚጣልበት ጥናት የጄሊፊሿ ሳይሆን የፍልፈሉ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ 94 ዓመቷ ነው። ጎረቤት «ዕድሜዎን ያርዝመው» ሲላት «ኧረ በቃኝ» ትላለች። እንደዚህ ከሆነ ለዘላለም መኖር ምን ጥቅም አለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አያትዎ የነገሩን ዋና ነጥብ ተናግረዋል። የእኛ አገር ምርቃት «ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ይጠራል፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ አብረው አይመጡም። በዓለም ጤና ድርጅት ስሌት እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አማካይ ዕድሜ 73 ዓመት ገደማ ነበር፤ በጤና የሚታለፈው ግን 64 እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የሕመምና የአቅም ማጣት ዓመታት ናቸው። ዕድሜን ብቻ አርዝሞ ጤናን መርሳት ምን እንደሚያመጣ የጥንት ግሪኮች በተረት አስቀምጠውታል። የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚሉት የሜምኖን አባት ቲቶኖስ አንዲት አምላክ ወደደችው፤ እንዳይሞትባት ለመነችለት፣ እንዳያረጅ መለመንን ግን ረሳች። ሰውነቱ ጫጭቶ ጫጭቶ በመጨረሻ ድምፁ ብቻ ቀረ ይላሉ።

ተረቱ ከሰውነታችን አሠራር ጋር ይገጥማል። ሁሉም የአካል ክፍል በአንድ ልክ አያልቅም። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ሠርቶ በአዲስ ይተካል። የልብ ጡንቻ ግን በ25 ዓመት ዕድሜ በዓመት ከመቶ አንዱን ያህል ብቻ ያድሳል፤ በ75 ዓመት ከዚያም በግማሽ ያንሳል። ከነጭራሹ የማይታደስም አለ። የጥርስን ውጫዊ ሽፋን እንይ። ሽፋኑን የሚሠሩት ሴሎች ጥርሱ ድድን ሰብሮ ሲወጣ ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው የለም። መንጋጋ ላይ ወፍራም በሆነበት ቦታ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በማኘክ ብቻ በዓመት 0.03 ሚሊሜትር ያህል ይፋቃል። 2.5 ለ0.03 ሲካፈል 83 ዓመት ነው። ቆሎ ለሚቆረጥም ሰው ደግሞ ያንሳል። መንጋጋችን የተሠራው ለአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ነው። የዓይን ሌንስ እምብርትም ከመወለዳችን በፊት የተሠራ ፕሮቲን ነው፤ አይለወጥም፣ እያደር ይደፈርሳል። የዓይን ሞራ የምንለው ያው ነው።

ጥርስና ሌንስ በሰው ሠራሽ ይተካሉ። ከባዱ አንጎል ነው። የመርሳት በሽታ ከ65 ዓመት በኋላ በየ5 ዓመቱ በግምት እጥፍ እየሆነ ይበዛል፤ አንጎልን ደግሞ እንደ ሌንስ አውጥቶ ሌላ ማስገባት አይቻልም።

«ታዲያ ሴሎቹ ሳያቋርጡ እንዲራቡ ቢደረግስ?» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ያለውን ወጥመድ ለማየት ነጠላን ማሰብ ይረዳል። ነጠላ ዘርፉ ካልተቋጨ ክሩ ይተረተራል። የዘር መመሪያችን የተጻፈበት ክርም ጫፉ ላይ እንደ ተቋጨ ዘርፍ የሚጠብቀው ቴሎሜር የሚባል ክፍል አለው፤ ሴሉ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ያጥራል። ሊዮናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው የሰው መደበኛ ሴል ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ተከፍሎ ያቆማል። ዘርፉን መልሶ የሚቋጭ ቴሎሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፤ ግን ከ10 ካንሰሮች 9ኙ ገደማ የሚያድጉት ይህንኑ ኢንዛይም ቀስቅሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በማኅፀን በር ካንሰር ያረፈችው አሜሪካዊት ሄንሪዬታ ላክስ ሴሎች ዛሬም በየቤተ ሙከራው ይራባሉ። ከሰው አካል የተገኘው «የማይሞት» ሴል እሷን የገደላት ካንሰር ነው። ሴልን ከሞት ማስጣል ራሱ ቀላል ሥራ ነው፤ የሚከብደው ሰውየውን ሳይገድሉ ይህን ማድረግ ነው።

ቢሆንም ጥቅሙን ማሳነስ አንፈልግም። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ከዚያ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን ተምሮ «አራት ዓይና» ለመባል የሰው ዕድሜ እኩሌታ ይሄዳል። ሰውየው ማስተማር ከጀመረ ከ25 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ጉልበቱ ይደክማል፣ ዓይኑ ይፈዛል። ለእንደዚህ ያለ ሰው በጤና የሚጨመር 50 ዓመት ለአገር ሁሉ የሚተርፍ ሀብት ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙም፣ ሸማኔውም፣ ዘር መራጩ ገበሬም እንዲሁ።

ወደ አያትዎ እንመለስ። «በቃኝ» የሚለውን ቃል እንደ ጸሎት ብቻ አይስሙት፤ ሊታከም የሚችል ሕመም ምልክትም ሊሆን ይችላል። አራት ነገር ያስመርምሩላቸው። የመጀመሪያው ዓይን ነው፤ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ቀጥሎ ጆሮ፤ ብዙ አረጋውያን የማይሰሙት ኩክ ስለደፈናቸው ነው። የጆሮ ታምቡራቸው ያልተቀደደ ከሆነ ጥቂት ጠብታ ለብ ያለ የወይራ ዘይት ለ3 እስከ 5 ቀን ያለሰልሰዋል፤ በክብሪት እንጨት መኮርኮር ግን ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሦስተኛው ሌሊት የሚቀሰቅስ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። አራተኛው ድብርት ነው፤ ምግብ መተው፣ ቡና ከጎረቤት ጋር ለመጠጣት አለመፈለግ፣ ጎህ ሳይቀድ ነቅቶ መተከዝ ምልክቶቹ ናቸው፤ በ94 ዓመትም ይታከማል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማንም ካልሞተ አገር እንዴት ይሸከመዋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ የሙያዎ ጥያቄ ስለሆነ በቁጥር እንመልስ። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11፣ በድምሩ የደመወዙ 18 ከመቶ ለጡረታ ይገባል። አንድ ሰው 35 ዓመት ቢሠራ የተጠራቀመለት የ6.3 ዓመት ደመወዝ ነው፤ የገንዘቡን ትርፍና የዋጋ ንረቱን ሳንቆጥር። ጡረታው የደመወዙ 60 ከመቶ ነው ብንል ያ ገንዘብ 10 ዓመት ተኩል ይበቃዋል። በ60 ዓመቱ የወጣ ሰው ከ70 ዓመት ተኩሉ በኋላ የሚበላው ሌሎች እያዋጡ ያሉትን ነው። 200 ዓመት ለሚኖር ሰው ይህ ሥርዓት አይቆምም። መሥራት አለበት፤ ምናልባት 40 ዓመት ሠርቶ፣ 5 ዓመት ተምሮ፣ ሌላ ሙያ ይዞ እንደገና።

የሕዝብ ብዛቱ ነገር ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። በዓለም በዓመት 130 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ሲወለዱ 60 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል። ሞት ቢቆም ዓመታዊ ጭማሪው ወደ እጥፍ ይጠጋል። በኢትዮጵያ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሲወለድ የሚሞተው ከ1 ሚሊዮን ያነሰ ነው። ስለዚህ እንደኛ ባለ የወጣት አገር ሸክሙን የሚወስነው ከሞቱ ይልቅ ልደቱ ነው።

እኛን ይልቅ የሚያሳስበን መሬቱ ነው። የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ይዞታ በአማካይ አንድ ሄክታር ገደማ፣ 4 ጥማድ ማለት ነው። ዛሬ የ25 ዓመት ልጅ የራሱ የሚለው መሬት የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱ ነው፤ ወይ ተካፍሎ፣ ወይ ወርሶ። አባትየው 300 ዓመት በጉልበቱ የሚያርስ ከሆነ ልጁ 275 ዓመት ይጠብቃል፤ የልጅ ልጁም ከኋላው። ወንበርም እንደ መሬት ነው፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊው፣ ዳኛው፣ የፖለቲካ መሪው ካላረጀ ማን ያስለቅቀዋል? ዛሬ ብዙ ግትር ሥልጣን በመጨረሻ የሚለቀው ተፈጥሮ ሲያስገድደው ነው። ዕድሜ የሚረዝም ከሆነ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ የሥልጣን ዘመን ገደብና የውርስ ሕግ መስተካከል አለባቸው። ከጉዳቶቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ሬሳን አቀዝቅዞ ወደፊት ማስነሳት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማቀዝቀዙ እውነት ነው፤ ማስነሳቱ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው ሰው የቀዘቀዘው እ.ኤ.አ. በጥር 1967 ነው። ልብ እንደቆመ አካሉ በበረዶ ውኃ ይነከራል፣ ደሙ ወጥቶ ቅዝቃዜ የሚከላከል ፈሳሽ ይገባል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወርዶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ፈሳሹ ካልገባ ውኃው ወደ በረዶ ስለት ተለውጦ ሴሉን ይቀደዋል፤ ቢገባም ኬሚካሉ ራሱ መርዛማ ነው፣ አካሉም በጥልቅ ቅዝቃዜ ይሰነጠቃል። ናይትሮጅኑ ስለሚተን ያለማቋረጥ መሞላት አለበት። በካሊፎርኒያ ቻትስወርዝ የነበረ ማስቀመጫ ገንዘብ አልቆበት አካላቱ ቀልጠው መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ይፋ ወጣ። እስከ ዛሬ እንዲህ ቀዝቅዞ የተነሣ ሰው ቀርቶ አንድ ሙሉ አይጥም የለም። ገንዘብዎን ለሕያዋን ያውሉት።

ጥያቄ፦ እናቴ ጎንደር ናቸው፣ 68 ዓመታቸው ነው። ዕድሜ ያረዝማል የሚባለውን ኤንኤምኤን፣ ቫይታሚን ኢ እና ሜትፎርሚን ልልክላቸው አስቤያለሁ። ራፓማይሲንም ይባላል። የቱ ይሻላል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አንዱንም አይላኩ። ኤንኤምኤን በደም ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋል፤ የሰውን ዕድሜ እንደጨመረ ግን አልታየም። ቫይታሚን ኢ ይባስ ጎጂ ሊሆን ይችላል፦ በቀን 400 ዩኒት በወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 ከመቶ መጨመሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል። ሜትፎርሚን ለስኳር ሕመም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ስኳር የሌለበትን ሰው ዕድሜ ማርዘሙ አልተረጋገጠም። ሆድ ያስቀምጣል፣ ቢ12 ይቀንሳል፣ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አይሰጥም። ራፓማይሲን እ.ኤ.አ. በ2009 ያረጁ አይጦችን ዕድሜ በወንዶቹ 9፣ በሴቶቹ 14 ከመቶ አርዝሟል፤ በሰው ግን ኩላሊት ለተተከለለት ሕመምተኛ የሚሰጥ፣ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ነው። አፍ ያቆስላል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

በዚያው ገንዘብ የክንድ የደም ግፊት መለኪያ ይላኩላቸው። ከ40 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች የላይኛው ቁጥር በ20 ከፍ ባለ ቁጥር በስትሮክና በልብ ሕመም የመሞት ዕድል እጥፍ ይሆናል። ዛሬ በእጃችን ካሉት ዕድሜ አርዛሚዎች ከዚህ የሚበልጥ ጥቂት ነው።

ሲገዙ ለእጅ አንጓ የሚሆነውን ይተዉ፣ በቀላሉ ይሳሳታል። እናትዎን የላይ ክንዳቸውን ዙሪያ በሜትር አስለክተው ይጠይቁ፤ ከ22 እስከ 32 ሴንቲሜትር ከሆነ መካከለኛው ማሰሪያ፣ ከዚያ ከበለጠ ትልቁ። ጠባብ ማሰሪያ ግፊቱን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ቻርጀሩ ላይ «100–240» ካልተጻፈ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ይምረጡ።

እናትዎ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፣ ሽንታቸውን ይሽኑ፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አስነክተው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ማሰሪያው በባዶ ክንድ ላይ ይሁን፤ በሹራብ ላይ አይደለም። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን ለክተው ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉና የቀሪውን አማካይ ያውጡ። 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወረቀቱን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ቢታዘዝላቸው ቁርጭምጭሚት ሊያብጥ ይችላል፤ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራሳቸው አያቁሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ተሻለኝ» ብሎ ሲተው ነው፤ የተሻለው መድኃኒቱ ስለሠራ ነውና። ቁጥሩ 180 በ120 ባይደርስም ደረት ከወጋቸው፣ አንድ ጎናቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው ከተያያዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል።

ጨውንም በኪሎ ይቆጣጠሩት። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለፍ የለበትም፤ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። 5 ሰው ባለበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን መድረስ አለበት። የተገዛበትን ቀን ከረጢቱ ላይ ይጻፉበትና በስንት ቀን እንዳለቀ በሚቀጥለው ስልክ ይጠይቋቸው።